ለመሬት የመረጥኳት ካሜራ

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስቱዲዮዬ ገባች። ጉርድ ፎቶ የምትነሳ መስሎኝ ወንበሩን አስተካከልኩላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ስልኳን ከፍታ ከኢንተርኔት የለቀመቻቸውን ካሜራዎች ታሳየኝ ጀመር። ሁሉም ትንንሽ፣ ኪስ የሚገቡ ናቸው። «እትዬ፣ ለጉዞና ለመልክዓ ምድር ፎቶ የትኛው ይሻላል ይላሉ?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰርግ አልበም ሳስተካክል ውዬ ዓይኔ ቀልቷል፣ ወገቤ ተቆርጧል። «ሁሉም ያነሳሉ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ፊቷ ቅዝዝ አለ። አመስግናኝ ወጣች። ልጠራት አስቤ ነበር፤ እግሬ ግን አልነሳ አለኝ።

ያቺ ጥያቄ የምታደክመኝ አላውቃት ብዬ አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት አምቦ ውስጥ ያቺን ጥያቄ እንደኔ ያመነዠካት ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ስቱዲዮው ያኔ የአጎቴ የጋሽ ታደሰ ነበር። እኔን ያስገባኝ ለሙሽሪት ቤት ነው። ሙሽራ ስትለብስ ወንድ ካሜራማን ጓዳ አይገባም፤ ስለዚህ ሴት ያስፈልጋል። ሥራውን ለመድኩት፣ ወደድኩት፣ ከዚያም ሰለቸኝ። ጥር ሲገባ ዛሬ ጉደር፣ ነገ ጌዶ፣ ከነገ ወዲያ ጊንጪ ነው። ሙሽሮቹ ይለዋወጣሉ እንጂ ፎቶው ያው አንድ ነው፦ ያው ኬክ፣ ያው ጉንጭ ለጉንጭ፣ ያው ሜዳ ላይ «አንቺ ወደሱ ተጠጊ፣ አንተ ወደ ሰማይ እይ»። እኔ የምወደው በመሃል ያለውን መንገድ ነበር። የሙሽሮቹን መኪና ስንከተል በመስኮት የማየውን ሸለቆ፣ ከዝናብ በኋላ የሚጠቁረውን ማሳ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሳይነቃነቅ የሚቆመውን ደመና። ሹፌሩን «አንድ ጊዜ አቁምልኝ» እለዋለሁ። «ሙሽራ እያመለጠን!» ይለኛል። እውነቱን ነው።

አንድ ሰርግ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሚዜ ነበር፤ አቶ ሰሎሞን ይባላል። የአስጎብኚ ድርጅት አለው። ፎቶ ሊመርጥ ስቱዲዮ ሲመጣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳትን የጉደር ሸለቆ ፎቶ አየ። ማን እንዳነሳት ጠየቀና ወደኔ ዞረ። ለሚቀጥለው ዓመት የግድግዳ ካላንደር የምዕራብ ሸዋን መልክዓ ምድር እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከወደደው ደግሞ ቋሚ ፎቶ አንሺ አድርጎ ይቀጥረኛል፤ ሥራዬ አገር ምድሩን እየዞርኩ ተራራና ሐይቅ ማንሳት ይሆናል። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው እኔም ወዲያው አላመንኩም። ካርዱን ሰጥቶኝ ሲወጣ ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

ያስጠነቀቀኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። «ሰው አይግባበት። የመብራት ገመድ አይግባበት። ቆርቆሮ ቤት አይታይ። ንጹሕ ተፈጥሮ ብቻ» አለኝ።

የስቱዲዮው ትልቁ ካሜራ የሰርጉ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከጋሽ ታደሰ አንገት አይወርድም። ቢፈቅድልኝ እንኳ እሱን ከነሌንሶቹና ከነቦርሳው ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለኔ ጀርባ አልሆነም። ደግሞም ለብቻዋ የምትሄድ ሴት ትልቅ ቦርሳ ስታንጠለጥል የመንገዱ ሰው ሁሉ ጠያቂዋ ነው። ትንሽ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ ከነጠላዬ ሥር የምትገባ፣ ሳልደክም የምይዛት።

ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት ደንበኛ ሆንኩ። መስመሩ ደካማ ነበርና የካሜራው ፎቶ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ነው የሚከፈተው፤ መጀመሪያ ቁልፉ ይታያል፣ ቆይቶ ሌንሱ፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል። በዚያ ሁኔታ ስንቱን አነበብኩ! አንዷ ሩቅ ታቀርባለች፤ ግን ሰፊ አትይዝም። ሌላዋ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ምንም አትሆንም፤ ግን ምስሏ ደብዛዛ ነው። ሦስተኛዋ ሰፊ ትይዛለች፣ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሯም ከእኩዮቿ ይሻላል፤ ባትሪዋ ግን ቶሎ ያልቃል። ገጠር ገብቶ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊት ሕልሜ ሁሉ ካሜራ ሆነ።

ፒያሳ ካሜራ ቤት ስገባ ሻጩ ዙም ያላትን አወጣልኝ። «ይቺ እዚህ ሆነሽ የአራዳ ጊዮርጊስን መስቀል ታመጣልሻለች» አለኝና አፍንጫዋን እየሳበ አሳየኝ። እኔ ግን ልቤን ቀድሜ ቆርጬ ነበር። የምፈልገው መሬት ነው፤ መሬት አይሸሽም፤ ሄጄ እደርስበታለሁ። ሰፊ የምትይዘውን መረጥኩ። በቀትር ፀሐይ ስክሪኑ አይነበብምና ጥግ ላይ በአንድ ዓይን የሚታይባት ቀዳዳ መኖሯም አስደሰተኝ። ትርፍ ባትሪ ጨመርኩና ያጠራቀምኩትን ከፍዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ እስከ አምቦ ድረስ እጄን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

ጋሽ ታደሰ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አገላብጦ አያት። «ይሄ ካሜራ ነው የሲጋራ ፓኮ?» አለኝ።

«ለመሬት ነው ጋሼ። ለሰው አይደለም።»

«መሬት ከፍሎሽ ያውቃል?» ብሎ ሳቀና ካሜራዋን መለሰልኝ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። እሱ ፎቶ ማለት ሰው ነው ብሎ ያደገ ሰው ነው፤ ሰው የሌለበት ፎቶ ሲያይ የተበላሸ ይመስለዋል።

ጥቅምት ላይ ወንጪ ሄድኩ፤ ሁሉም ተሳካልኝ። እዚያ ካሜራ ለምደዋል፤ ፈረስ ላከራይሽ፣ ጀልባ ልጥራልሽ ይላሉ እንጂ ምን ታነሺያለሽ የሚል የለም። የቀረኝ የደንዲ ሐይቅ ነበር፤ ያስቀመጥኩትም ጣፋጩን ለመጨረሻ እንደሚሉት ነው። ጊንጪ ወርጄ ሻይ ጠጣሁ፤ ለመንገድ ጭኮ ገዛሁ። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ ትንሽ ትበይና ቀኑን ሙሉ ትሄጃለሽ። ጋሪ እስከሚደርስበት በጋሪ ሄድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ነው። ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለነበር መንገዱ ዳር ዳሩ ይረገጣል፣ መሃሉ ይውጣል። ጫማዬ ላይ ጭቃው እየተደራረበ ከራሴ ይልቅ እሱን ተሸክሜ የምሄድ እስኪመስለኝ ደከምኩ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ስደርስ ግን ድካሙን ረሳሁት። ወዲያ ማዶ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወዲህ ተዳፋቱ፤ ገብሱ ወደ ቢጫ እየዞረ፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ፣ ያሸተው ስንዴ በመሃል። ሰው አይታይም፤ ቀኑ ሥራ የማይሠራበት በዓል ስለነበር ሁሉም ቤቱ ነው። አቶ ሰሎሞን ያለውን ነገር እግዜር ራሱ ያዘጋጀልኝ መሰለኝ። ካሜራዋን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ። አንዴ ጎንበስ ብዬ አነጣጥሬ ሳላነሳ፣ ከኋላዬ «ያ ኢንተላ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጅት ሆይ ማለት ነው። ደንግጬ ካሜራዋን መልሼ ነጠላዬ ሥር ከተትኳት። ሁሉን ያበላሸው ያ ነው።

የጠራኝ ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ነበሩ። ወዲያው ሌሎች ከየቤቱ ወጡ። የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ግማሽ ጣዕሙ ይቀራል።

«አከም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ደህና ነሽ ልጄ ማለት ነው። «ምን ደበቅሽ?»

«ምንም አልደበቅኩም አባቴ። ፎቶ ላነሳ ነው።»

«የማንን?»

«የመሬቱን።»

ኦቦ ቶለሳ ወደ ተዳፋቱ አዩ፣ ወደኔ አዩ። «መሬቱ ዛሬ ሰርግ አለው እንዴ?» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ያኔ የመሬት ወሬ ምላስ የሚያቃጥልበት ጊዜ ነበር። አምቦም በዚሁ ጉዳይ አልቅሳለች፤ ለቅሶው የማያውቀው ቤት አልነበረም። ከከተማ መጥቶ ማሳ የሚያይ፣ የሚለካ፣ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይፈራል። እኔ ይህ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ትንሿን ካሜራ ስመርጥ ግን ትንሽ ነገር ሰው አያስፈራም ብዬ ነበር። ኦቦ ቶለሳ ተቃራኒውን ነገሩኝ። «ትልቁን ካሜራ እናውቀዋለን። ሰርግ ላይ መጥቶ ሙሽሮቻችንን ያነሳል። ሰው ሁሉ እያየው ነው። ይቺ ከብብት ወጥታ ብብት የምትገባ ግን ምንድን ናት?»

ስለ ካላንደሩ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ተፈጥሮ ብቻ እንደሚፈልጉ፣ ሰው እንዳይገባበት እንዳዘዙኝ ሳልደብቅ ተናገርኩ።

«ተፈጥሮ ማለት እኔ የሌለሁበት መሬት ነው?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«እስቲ ንገሪኝ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ፎቶ ሲያይ ምን ይላል?»

«እንዴት ያለ ውብ አገር ነው ይላል።»

«አይልም። ባዶ መሬት ነው ይላል። ባዶ ከሆነ ደግሞ የማንም አይደለም ይላል። እኛ እኮ ዛሬ በዓል ስለሆነ ነው ቤት ያለነው፤ ሞተን አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጭኮዬን ማኘክ አቃተኝ። ፎቶውን ሳልይዝ ብመለስ ካላንደሩ ጎደሎ ነው፤ ካላንደሩ ጎደሎ ከሆነ ደግሞ እድሜ ልኬን «ወደሱ ተጠጊ» ስል መኖሬ ነው። ኦቦ ቶለሳ ተመለሱና ፍርዱን ነገሩኝ። አንሺ፣ አንከለክልሽም፤ ግን ባለመሬቱ ሁሉ በየመሬቱ ላይ ይቁም። ከዚያ በኋላ የፈለግሽበት ውሰጂው።

ሰዎቹ ቤታቸው ገብተው ለበዓል የለበሱትን አሳምረው ወጡ። ሴቶቹ ነጠላ ቀየሩ፤ አንዱ ፈረሱን ጭኖ አመጣ። አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ከሁሉ ቀድመው ከሐይቁ አፋፍ ወዳለች ቁራጭ ማሳቸው ወረዱና እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ኦቦ ቶለሳ መሃል ላይ፣ የእሳቸውና የወንድማቸው ማሳ በሚዋሰንበት ድንበር ላይ ቆሙ፤ ወንድም ደግሞ ከድንበሩ ወዲያ። እኔ ሁሉንም ለመያዝ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ አሁንም ወደ ኋላ፣ ዳገቱን ወጣሁ። ካሜራዋ ሰፊ ስለምትይዝ ሰዎቹ እያነሱ እያነሱ ሄዱ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ነፋሱ ገብሱን ሲያስተኛው እንኳ እነሱ ቀጥ ብለው ነበር። እንዲህ ዝም ብሎ የተነሳልኝ ሙሽራ እስከ ዛሬ የለም።

አዲስ አበባ አቶ ሰሎሞን ቢሮ ፎቶዎቹን በትልቅ ስክሪን አየናቸው። ወንጪን እያሳለፈ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል። ደንዲ ላይ ሲደርስ ወንበሩን ሳበ። «ይሄ! ሽፋኑ ይሄ ነው!» አለ። ልቤ ዘለለች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ «እነዚህ ምሰሶዎች ምንድን ናቸው?» አለኝ።

«ሰዎች ናቸው።»

«ሰው አይግባበት አላልኩሽም?»

«ባለመሬቶቹ ናቸው። ካለነሱ አታነሺም አሉኝ።»

ሳቀ፤ መጥፎ ሰው አልነበረም። «ምን ችግር አለው፣ አጥፊያቸው። ሰርግ ላይ ስንት ሰካራም ስታጠፊ የኖርሽ ልጅ አይደለሽ? ሰኞ አጽድተሽ ላኪልኝ። በሚቀጥለው ወር ሥራ ትጀምሪያለሽ።»

ቅዳሜ ጋሽ ታደሰ ሰርግ ሄዶ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ከአዴ ጫልቱ ጀመርኩ፤ ዳር ላይ ስለነበሩ ቀላል ናቸው። ከጎናቸው ያለውን ገብስ ገልብጬ እሳቸው ላይ አለበስኩት። አንድ ጠቅታ ነው። ገብሱ በቆሙበት ቦታ በቀለ፤ ሰው የነበረበት አይመስልም። ሥራዬ ጥሩ ነው፤ ማንም አይነቃም። ያስፈራኝም ይኸው ነበር። ሴትዮዋ እጃቸውን አጣጥፈው ያን ያህል የቆሙት በአንድ ጣት እንዲህ እንዳይሆኑ ነው።

መለስኳቸው። ከዚያ ኦቦ ቶለሳ ላይ ጠቋሚውን አሳረፍኩና ብዙ ቆየሁ። ጀግና ነበርኩ፣ አሻፈረኝ አልኩ ብል ደስ ይለኛል፤ ግን አይደለም። እሑድም እንደዚያው ተቀመጥኩ። ሥራውን ፈልጌው ነበር። ሰኞ አቶ ሰሎሞን ደወለ፤ ስልኩን አላነሳሁም። ረቡዕ ደወለ፤ አላነሳሁም። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

«አልሄድሽም?» አለኝ ጋሽ ታደሰ።

«አልሄድኩም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ጉደር ሰርግ አለ። ባትሪዎቹን ቻርጅ አድርጊ።» ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ፎቶውን አሳትሜ በጊንጪ ገበያ ቀን ለኦቦ ቶለሳ ወሰድኩላቸው። ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሁሉም የጤፍ ፍሬ አክለዋልና። እሳቸው ግን ፊታቸውን አልፈለጉም። ድንበሩን ፈለጉ፤ ድንበሩን ሲያገኙ ራሳቸውን አገኙ። ጣታቸውን አሳርፈው «ጋሪ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ የሌላውን ሁሉ በስም እየጠሩ ለገበያተኛው አሳዩ።

ዓመታት ሄዱ። የጋሽ ታደሰ ጉልበት እንቢ ሲል ስቱዲዮው ለኔ ቀረ። ትንሿ ካሜራ ሌንሷ አልዘረጋ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ገባች። ካቻምና አንድ ጎልማሳ ገላው በአቧራ እንደተሸፈነ ገባና የኦቦ ቶለሳ ልጅ መሆኑን ነገረኝ። አባቱ አርፈዋል። ለቅሶ ላይ ለቀስተኛ ይዞት የሚያለቅስበት ፎቶ የላቸውም፤ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ላብ በልቶታል። ከዚያ ሌላ ያነሳቸው ሰው ከኔ በቀር የለም።

ፋይሉን ከፍቼ አባቱን ብቻ ለይቼ ላወጣ ሞከርኩ። ባጎላሁት ቁጥር ፊታቸው ወደ ጥቂት ቡናማ ነጠብጣቦች ይበተናል። ከዚያች ካሜራ የሰው ፊት መጠበቅ አይቻልም፤ መሬት እንድትይዝ ነው የመረጥኳት። «ፊታቸውን ማውጣት አልቻልኩም ወንድሜ» አልኩት። እሱ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ስክሪኑን አየና «እንግዲያው አትቁረጪያቸው። እንዳለ አትሚው» አለኝ።

ማሽኑ እስከሚችለው ድረስ ትልቅ አድርጌ አተምኩት፤ ለቅሶም ሄድኩ። ድንኳኑ ፊት ሴቶቹ ያን ፎቶ እየተቀባበሉ ሙሾ ያወርዱ ነበር፤ ሐይቁን፣ ተዳፋቱን፣ ማሳውን በሙሉ ተሸክመው። ከሩቅ የመጣ ሰው የማን ለቅሶ እንደሆነ ግራ ይገባው ይሆናል። የዚያ አገር ሰው ግን አንዱም የት ናቸው ብሎ አልጠየቀም። እጁን ዘርግቶ ቀጥታ ድንበሩ ላይ ያሳርፍና ያለቅሳል። እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ለሳቸው ይሁን፣ ለቀረብኝ መንገድ ይሁን፣ መለየት አልቻልኩም፤ ደክሞኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ፎቶ ደጋግሜ አትሜዋለሁ። የኦቦ ቶለሳ ወንድም ሲሞቱ፣ ባለፈረሱ ሲሞት። ያን ቀን ከቆሙት ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ ሌላ ፎቶ አልተነሱም። አገር ለማየት ፈልጌ አንድ ዳገት ላይ ቀረሁ እላለሁ አንዳንዴ ለራሴ፤ ምሬቱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ትናንት ጠዋት በሩን ገና ስከፍት አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። የአዴ ጫልቱ ልጅ ነኝ አለችኝ። ወንበር ሰጠኋትና ማሽኑን አበራሁ። የትኛውን ፎቶ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።